የዕርቁ ጠጅ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው የንብ ቀፎ ነው።

አንዲት ታታሪ ንብ ነበረች። የባቄላው ማሳ ፀረ ተባይ በተረጨ ማግስት እህቶቿን ከቀፎው ደጅ ረግፈው ስላገኘቻቸው፣ ማሳውን የረጨውን የመድኃኒት መርጫ ከሽማግሌው ከአያ ዝንጀሮ ፊት ከሰሰችው።

«አበባው በፈካበት ጠዋት ለምን ትረጫለህ? ወደ ማታ፣ እኛ ስንገባ ብትረጭ ምን አለበት? የቀረነውም እኮ ማለቃችን ነው» አለችው።

መርጫው ሆዱን ነፋ አድርጎ፣ «እመት ንብ፣ የኔ መድኃኒት ነው። ባቄላውን የሚመጠውን ተባይ፣ ክሽክሽን ይገድላል እንጂ ንብ አይነካም። እህቶችሽን ብርድ መትቷቸው ይሆናል» አላት።

አያ ዝንጀሮም ፍትሕ አዋቂ ነውና፣ ጢሙን እያሻሸ ብዙ አሰበ። ከዚያ «መድኃኒት ከተባለ መድኃኒት ነው። ለመሆኑ ማን አበባ ላይ ውጡ አላችሁ? ጥፋቱ የንብ ነው። በሉ ታረቁ። አጥፊ ይደግሳልና፣ እመት ንብ፣ እንደ ወጉ የዕርቁን ጠጅ ይዘሽ ነይ» ብሎ ፈረደ።

ንቧም ጠጁን ጥላ አቀረበች። አያ ዝንጀሮ ብርሌውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ፣ «አባቴ፣ ማሩ ከዚያው ከተረጨው ባቄላ የተቀሰመ ነው» አለችው።

ብርሌው ከከንፈሩ ሳይደርስ ቆመ። አያ ዝንጀሮ መርጫውን አየው፤ መርጫው ሰማይ ሰማዩን አየ።

«ጠጁ ይደፋ» አለ አያ ዝንጀሮ በመጨረሻ፤ «ፍርዱ ግን ይጽና።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ፤ ማሩ ግን ይቅርብኝ።