ዳንቴል የለበሰው ካሜራ

አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ አስናቀ ይባላል። በነጭ ጋውኑ ኪስ ውስጥ ከማበጠሪያው ጋር አንዲት ትንሽ ካሜራ ትውላለች። ጠርዟ ተፋፍቋል፣ የባትሪዋ ክዳን በፕላስተር ታስሯል። የተላጨውንም፣ ወረፋ የሚጠብቀውንም፣ በደጅ የሚያልፈውንም በእሷ ያነሳል። አንድ ነገር ብቻ አላነሳም፤ የአባቱን ሳቅ።

አባቱ ኮስታራ ናቸው። ካሜራ ሲያዩ ደግሞ ለመታወቂያ የሚነሱ ይመስል ቀጥ ይላሉ። እርጅናውም ተጭኗቸዋል፤ ከቤት የማይወጡበት ቀን እየበዛ ነው። አስናቀ ልጆቹ አያታቸውን በዚያ በተኮሳተረ ፊት ብቻ እንዳያስታውሷቸው ይፈራል።

አንድ ቀን ካሜራ የሚሸጥ ነጋዴ ሊላጭ መጣና ትንሿን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

«አንተ ሰው፣ አሁንም በዚህች ነህ? ኧረ ዘመኑን ምሰል። ይቺን በመያዣ ስጠኝና ከሱቄ ትልቁን ካሜራ ወስደህ ሳምንት ሞክረው።»

ወረፋ የያዙት ሁሉ «ልክ ነው፣ ይቀየር» እያሉ አሟሟቁት። አስናቀን ይሉኝታ ያዘው። ትንሿን ሰጥቶ ትልቁን ተቀበለ።

ካሜራው እውነትም ግሩም ነበር፤ የሰው ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ያሳያል። ምን ያደርጋል ታዲያ፣ ኪስ አይገባም። ሚስቱ ዘነቡ አቧራ እንዳይነካው ብላ ከነፌስታሉ ቡፌ ውስጥ፣ ማንም ከማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ጎን አስቀመጠችው፤ ዳንቴልም አለበሰችው። እኛ መቼም ደህና ነገር ካገኘን ለእንግዳ ነው። ልጆች እንዳይነካኩትም ቆለፈችበት።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል አባቱ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ከሩቅ አገር የመጡ የልጅነት ጓደኛቸው ለመንገድ እየቸኮሉ ጎራ አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች የጎረቤት ፍየል ደብቀው የተገረፉበትን ቀን አነሱ። አባት ሳቁ። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አስናቀ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ማበጠሪያ ብቻ ነበር። ቤቱ ሮጦ፣ ዘነቡን ጠርቶ፣ ቡፌው ተከፍቶ፣ ዳንቴሉ ተገልጦ ሲመለስ የአባቱ ጓደኛ ሄደዋል። አባትም ኮስተር ብለው ተቀምጠዋል።

በማግስቱ ትልቁን ይዞ ነጋዴው ሱቅ ሄደ።

«ካሜራዬን መልስልኝ።»

«ምን ጎደለው ይሄኛው?»

«ምንም አልጎደለውም። ከኔ ጋር ግን አይውልም።»

«እንግዲህ ይቺን ይዘህ ስትዞር ሰው ይስቅብሃል።»

«ይሳቅ። ሲስቅ አነሳዋለሁ።»

ነጋዴው ሳቀ፤ ሱቁ ውስጥ የነበሩትም ሳቁ። አስናቀ ትንሿን ተቀብሎ እዚያው ቆሞ አነሳቸው።

አባቱ እንደዚያን ቀን ዳግመኛ አልሳቁም። ልጃቸው ግን እስከ ዛሬ ይጠብቃል፤ ካሜራዋን ሳይዝም ከቤት አይወጣም።

ወዳጄ፣ አዲስ ነገር አትግዛ የሚልህ የለም። ይዘኸው የምትውል ከሆነ ቀይር፣ እሰየው። ሰው ሳቀብኝ ብለህ ግን የሚያገለግልህን አሳልፈህ አትስጥ። ያንተ የሚባለው በሚያስፈልግህ ሰዓት እጅህ የሚያገኘው ነው፤ ሌላው የቡፌው ነው። እስቲ ቤትህን ዞር ብለህ እይ፤ ለእንግዳ ብለህ የቆለፍክበት ምንድን ነው? እንግዳውስ መቼ ነው የሚመጣው?