ፍልፈል የሠራቻቸው በሮች

ተረት ተረት፤ የፍልፈል ቤት።

እባብ ልጆቻቸውን የፈጀባቸው አይጦች፣ ጉድጓድ በመማስ ወደር የሌላትን አሮጊት ፍልፈል ቤት ሥሪልን ብለው ለመኗት። እሷም ከውጩ በር ሌላ ለየጓዳው የአፈር መዝጊያ አበጀች።

"ከጎረቤት ጓዳ የመጣም ቢሆን 'ቤቶች!' ብሎ ስሙን ሳይናገር እንዳትከፍቱለት" አለቻቸው።

ከመካከላቸው አንዲት አራስ አይጥ ሳቀች። "አይ እትዬ ፍልፈል! ዓይን ስለሌለሽ ሁሉም ሌባ ይመስልሻል። በአንድ ጣሪያ ሥር ምን ማንነህ ያስፈልጋል?"

"ልጆቻችሁን ያስበላችሁት ዓይን ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?" አለች ፍልፈል፤ ስድቡ ቢመራትም ሥራዋን አላቆመችም።

አንድ ቀን ከክርስትና ድግስ ጠግባ የተመለሰች አይጥ የውጩን በር ሳትዘጋ ወደ ጓዳዋ አለፈች። እባብም ተከትሎ ገባና የአራሷን መዝጊያ ገፋ፤ እምቢ አለው።

"ቤቶች!" አለ ድምፁን አለስልሶ።

"ማን ልበል?" አለች አራሷ ልጆቿን አቅፋ።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

"የቤት ሰው ነኛ! የውጩን በር አልፌ የለም እንዴ?"

"የውጩን አልፈህ ይሆናል፤ የእኔን ግን አላለፍክም!"

የአንዳቸውንም ስም የማያውቀው እባብ በየበሩ ሲጠየቅ ውሎ ሆዱ ባዶ እንደሆነ ወጣ።

ፍልፈል ወሬውን ሰምታ እንኳን ተረፋችሁ ልትል መጣች። የአራሷ በር ላይ ቆማ "ቤቶች!" አለች።

"ማን ልበል?"

"በሩን የሠራሁት ነኛ!"

"እሱን ማንም ይላል። ስምሽን!"

ፍልፈል ደረቷን ነፍታ ስሟን ተናገረች። እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

ተረቴን መልሱ፤ ስትወጡም በሩን ዝጉልኝ።