አንዱ አስረስ፣ ሁለቱ አማች

በእኛ አገር ሽማግሌ ተቀምጦ ነገር አልቃና ሲል የሚተረት አንድ ተረት አለ። ሁሉም ይተርተዋል፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን የለም። የመጣው ከግራዝማች ደምለው ቤት ነው።

ግራዝማች በፍርድ አዋቂነታቸው የሚኮሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን እማዋይሽን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲመጣ እንደ ሌላው አባት "የማን ልጅ ነው?" ብለው አይጀምሩም። ዘር ያዳላል እያሉ መጀመሪያ የልጁን አመል፣ መጨረሻ ስሙን ይሰማሉ። እንዲህ ያለ ሚዛን በአገሩ እንደሌለ የሚናገሩትም ራሳቸው ናቸው።

አስረስ የሚባል የወንዝ ማዶ ገበሬ ቄስ ይርሳውን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። እማዋይሽ አስረስን ትወደው ነበርና ጓዳ ሆና ጆሮዋን አቆመች። ቄሱ ደግሞ ሸሸጉ እንዳይባሉ በነውሩ ጀመሩ። ቁጡ ነው፣ ግትር ነው አሉ፤ ቀጥለውም ታታሪ ነው፣ አስተዋይ ነው አሉ። ግራዝማች ግን "ቁጡ" ካሉ ወዲያ የሰሙትን ሁሉ በራሳቸው ፈቱት። የቁጡ ሰው ትጋት ስስት፣ የግትር ሰው አስተዋይነት ተንኮል ሆነባቸው። ስሙን ሰሙና ቄሱን እምቢ ብለው ሸኙ።

ከፋሲካ በኋላ አስረስ አያ ዘለቀን ላከ። አያ ዘለቀ ቄሱ ያሉትን ከራሳቸው ሰምተው ነበርና ከቃላቸው አልጨመሩም፣ አልቀነሱም፤ ከጭራው ጀመሩ እንጂ። አስተዋይ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ግትር ነው፣ ቁጡ ነው አሉ። የግራዝማች ፊት በራ። አስተዋይ ሰው ግትር ቢባል ቃሉን ስለማያጥፍ ነው፤ ታታሪ ሰውም ቢቆጣ ሰነፍን ነው አሉ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥምና አያ ዘለቀ እስከዚያ ቆመው ነበር። "ይቀመጡ፤ ሰጥቻለሁ" አሏቸው። እማዋይሽ በደስታ እንባዋ መጣ።

"ለመሆኑ ማን ይባላል?"

"አስረስ፣ የወንዝ ማዶው።"

ግራዝማች ፊታቸው ጠቆረ። "ያ ቁጡው?"

"ቁጡ መሆኑንማ አሁን ነገርኩዎት፤ ወደዱት እኮ።"

"እርስዎ የነገሩኝ ቁጡ ሌላ ነው። ይኼን አውቀዋለሁ፤ ስስታምና ተንኮለኛ ነው።"

"ማን ነገረዎት?"

"ቄስ ይርሳው ናቸዋ።"

ቄሱ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው እንዳልወጣ አያ ዘለቀ ቢምሉ፣ ቢገዘቱ፣ ግራዝማች አልሰማ አሉ። የሰጡትን ልጅ መልሰው ነሱ። አያ ዘለቀ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ የእማዋይሽን ልቅሶ እየሰሙ በሩ ድረስ ሄዱና ዘወር አሉ፦ "ፊት የገባ ወሬ መደብ ላይ ይተኛል፣ ኋላ የመጣ እውነት ደጅ ይጠናል።"