የግንበኛው ልጅ ጀርባ

አንድ ጉልበተኛ ሰው ነበር። ስሙ ምንተስኖት ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን «ግንቡ» ይለው ነበር። ደረቱ ከእሱ ቀድሞ በር ይገባል፣ ክንዱ የሸሚዝ እጅጌ ይተረትራል፣ በመንገድ ሲያልፍ የታክሲ ረዳቶች እንኳ ጥሪያቸውን አቋርጠው ያዩታል። ይህ ሰው ከመንገዱ ዝቅ ብላ በተሠራች አንዲት ቤት ውስጥ ከአባቱ ከጋሽ ደርበው ጋር ይኖር ነበር። እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል። ጋሽ ደርበው ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ ነበሩ፤ ከቤቱ ወደ መንገዱ የሚያወጣውን የድንጋይ ደረጃ የሠሩትም ራሳቸው ናቸው።

ምንተስኖት ያንን ሰውነት ያወጣው በሰፈሩ ጂም ነው። ጂም ይባል እንጂ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ክብደቱም የውሃ ቧንቧ ሆኖ በሁለቱ ጫፍ ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ጣሳ ተተክሎበታል። ከተዘጋ ፀጉር ቤት የመጣ ትልቅ መስተዋት ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ሁሉም የሚሠራው እዚያ መስተዋት ፊት ነው። መስተዋቱ ደግሞ የሚያሳየው የፊት የፊቱን ስለሆነ ሁሉም ደረቱንና ክንዱን ይሠራል። ጀርባውን የሚሠራ የለም፤ ማን ሊያይለት? ምንተስኖት ከሁሉም ይብስ ነበር። አግዳሚው ላይ ተንጋሎ ብረቱን ወደ ላይ ይገፋል፣ ይነሳና መስተዋቱን ያያል፣ ተመልሶ ይገፋል። ወደ ራሱ የሚስበው ነገር ግን አልነበረም።

ብረቱን የሠራው ራሱ ነው። ከአባቱ ሥራ የተረፈ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ወስዶ አቦካ፤ አንደኛውን ጣሳ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ሲዞር ጠጠሩ አለቀበት። ጋሽ ደርበው አጠገቡ ቆመው ያዩ ነበር።

«ጠጠር እስኪመጣ ሁለተኛውን ተወው። በአሸዋ ብቻ ከሞላኸው እኩል አይመዝንልህም» አሉት።

«ጣሳው እኩል አይደል እንዴ አባዬ? ምን ልዩነት አለው?» አለና በአሸዋና በሲሚንቶ ሞልቶ ዘጋው። ሲደርቅ ሁለቱንም አረንጓዴ ቀለም ቀባቸው። አሁን ላየው ሰው ሁለቱ መንታ ናቸው።

ብረቱ ከአግዳሚው በላይ በተተከሉ ሁለት ባላዎች ላይ ተጋድሞ ስለሚውል ማንም አያዞረውም፤ ባለጠጠሩ ጣሳ ዘወትር በቀኝ በኩል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ምንተስኖት ሲያነሳው ወደ ቀኝ ያዘነብልበት ነበር። እሱም ቀኝ እጁን ይበልጥ አበረታና ቀጥ አደረገው። ከዚያ ለመደው። የለመደ ሰው ደግሞ ምን እንደለመደ አይጠይቅም፤ የእኛ ሁሉ ጣጣ ይኸው ነው።

ዓመታት አለፉ። ቀኝ ደረቱና ቀኝ ክንዱ ከግራው ወፈሩ፣ ሁለቱም ትከሻዎቹ ወደ ፊት ታጠፉ፣ ጀርባው ጎበጠ። ሱፍ ሊያሰፋ ሲሄድ ልብስ ሰፊው ለክቶት ሲያበቃ ግራ ገብቶት እንደገና ለካው።

«ወንድሜ፣ እስቲ ቀጥ ብለህ ቁምልኝ» አለው። ምንተስኖት ግን ቀጥ ብሎ የቆመ መስሎት ነበር።

ግድግዳ በዓይናቸው የሚለኩት ጋሽ ደርበው ልጃቸውን ማየት አላቃታቸውም። አንድ ቀን ከጂም ሲመለስ ጠብቀው፣ «ምንተስኖት፣ ትከሻህ ውሃ ልክ የለውም። ግድግዳ እንዲህ ሲዘም እኛ አፍርሰን ነው እንደገና የምንጀምረው» አሉት።

ልጁ ተናደደ። «አባዬ፣ አንተ የምታውቀው ድንጋይ ነው፤ ይሄ ሥጋ ነው። አገር ሁሉ እያደነቀኝ እንከን የምትፈልግልኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ጋሽ ደርበው ዝም አሉ። ልጅ አባቱን ዝም ሲያሰኝ የረታ ይመስለዋል። ምንተስኖትም የረታ መስሎት እራቱን በልቶ ተኛ።

ከዚያ እርጅና መጣ። የጋሽ ደርበው ወገብ ተያዘ፣ እግራቸውም አልታዘዝ አላቸው። ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ተኝቶ ጣራ ሲቆጥር መዋል እንዴት እንደሚያደርገው መገመት አያቅትም። ቤቷ ዝቅ ያለች ስለሆነች ፀሐይ አይገባትም። ሽማግሌው ከዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከደረጃው በላይ፣ መንገዱ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ መሞቅና አላፊ አግዳሚውን «እንደምን አደራችሁ» ማለት።

ምንተስኖት ያወጣቸው ጀመር። እንደ ሕፃን በሁለት ክንዱ አቅፎ በደረጃው ይዟቸው ሲወጣ ጎረቤቱ በየደጁ ቆሞ ይመርቀዋል። «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» ይላሉ እናቶች። እሱም ደስ ይለዋል፤ ሲመሰገን ደስ የማይለው ማን አለ? አባቱን መውደዱም እውነት ነበር፤ በዚህ አልጠረጥረውም። ነገር ግን ሲወጣ ጀርባው እንደ እሳት ያቃጥለዋል፣ ግራ ትከሻውም ቀጭ ቀጭ ይላል። ለማንም አልተናገረም። የሕመም ማስታገሻ ይውጥና ጉልበት ያነሰው መስሎት ወደ ጂም ይሄዳል፤ እዚያም ተንጋሎ ያንኑ ብረት አብዝቶ ይገፋል። የሚያመው ጀርባው፣ የሚሠራው ደረቱን።

አንድ ቀን ጠዋት አባቱን ይዞ የደረጃው ወገብ ላይ ደረሰ። ደረጃው ደረቅ ነበር፣ እግሩም አልተንሸራተተም። ግራ ክንዱ ግን በድንገት ከዳው። ቀኙ ብቻውን ሊይዝ ሞከረ፤ ጀርባው ሊያግዘው ይገባ ነበር፣ ጀርባ ግን አልነበረውም። ጋሽ ደርበው ከእቅፉ ወጥተው ራሳቸው በጠረቡት ድንጋይ ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ።

ሽማግሌው አልጮሁም። መሬት ላይ እንዳሉ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩትና፣ «ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?» አሉት።

ይህች ቃል ምንተስኖትን ገደለችው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ሐኪም ቤት አባቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ ሳለ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወይዘሮ ትርንጎ ሕመምተኛውን ልታይ መጣች። ሽማግሌውን አይታ ስትጨርስ ዓይኗ አስታማሚው ላይ አረፈ።

«እስቲ ሸሚዝህን አውልቅና ዙር» አለችው። ዞረ። በሕይወቱ ጀርባውን አሳየኝ ያለው ሰው ኖሮ አያውቅም ነበር።

«ብረት ታነሳለህ» አለች። «ትገፋለህ እንጂ አትስብም። የደረትህ ጡንቻ አጥሮ ትከሻህን ወደ ፊት ጎትቶታል፤ ጀርባህ ተለጥጦ ደክሟል። ቀኝህ ደግሞ የግራህን ሥራ ደርቦ ሲሠራ ኖሯል።»

«ታዲያ ከነገ ጀምሮ ግራውን አብዝቼ ልሥራ፣ ሲስተር?»

«አይሆንም። መጀመሪያ ሕመሙ ይረፍልህ። ከዚያ ያን ትልቁን ብረት ትተህ ለእያንዳንዱ እጅህ ለየብቻ ቀለል ያለ ክብደት ያዝ። ሁልጊዜ ከግራ ጀምር። ግራህ የቻለውን ያህል ብቻ ቀኝህ ይሥራ፤ ግራህ ሲደክም ቀኝህም ያቁም። ከምትገፋው ይልቅ የምትስበው ይብዛ። በር መቃን ይዘህ ደረትህን አፍታታ። መስተዋቱንም ለጊዜው ጀርባ ስጠው።»

«ቀኜ እየቻለ ያቁም?»

«እየቻለ ያቁም። ጉልበተኞች ሁሉ እዚህ ላይ ነው የምታስቸግሩኝ። ቀኝህ ካልጠበቀው ግራህ መቼም አይደርስበትም።»

«መቼ ይስተካከላል?»

«ያጣመምከው በዓመታት ነው። በወራት ከተመለሰልህ አመስግን» አለችና ወደ ሌላ ሕመምተኛ ሄደች።

ጋሽ ደርበው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ኖሯል። «ያ ጠጠር» አሉ ቀስ ብለው።

ምንተስኖት ያን ጊዜ ብረቱ ወደ ቀኝ ያዘነብል የነበረበት ሰሞን ትዝ አለው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ታውቅ ነበር ማለት ነው አባዬ? ለምን ደግመህ አልነገርከኝም?»

«ስለ ትከሻህ ብነግርህ ተቆጣህ። ደግሜ ብናገር ትቀየመኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ሽማግሌው ወደ ቤት ተመለሱ። አጥንቱ እንደነገሩ ገጠመ። ምንተስኖትም የተባለውን አንድ ሳያጎድል ያደርግ ጀመር። ትልቁን ብረት ትቶ በየእጁ ትናንሽ ክብደት ያዘ፤ ከግራ ይጀምራል፣ ቀኙን እየቻለ ያስቆመዋል፣ ፊቱን ከመስተዋቱ አዙሮ የላስቲክ ገመድ ወደ ራሱ ይስባል። የጂሙ ሰዎች ተሳሳቁበት። «ግንቡ ፈረሰ» አሉ። ደረቱ እየቀነሰ፣ ሸሚዙ እየሰፋው ሄደ። በመንገድ ሲያልፍ የሚያየው ጠፋ።

እሱን ግን ያሳሰበው ሌላ ነበር። በየጠዋቱ ወደ አባቱ አልጋ ሄዶ ሊያነሳቸው ጎንበስ ሲል፣ ጋሽ ደርበው የአልጋውን ብረት ጥርቅም አድርገው ይይዛሉ።

«ዛሬ ይበርዳል ልጄ፣ ይቅርብኝ» ይላሉ። በማግስቱ ደግሞ፣ «ዛሬ ደከም ብሎኛል።» ሌላ ቀን፣ «ነፋስ አለ መሰለኝ።» ውጭው ግን ፀሐይ ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ።

እየቆየ ጀርባው ጠነከረ፣ ግራው ቀኙን ደረሰበት፣ ትከሻው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሕመሙም ጠፋ። ወይዘሮ ትርንጎ አይታው፣ «አሁን ሰው ሆነሃል፤ አባትህን ያለ ስጋት ልታወጣቸው ትችላለህ» አለችው። እየሮጠ ቤቱ ገባ።

«አባዬ፣ ድኛለሁ። እይ፣ ቀጥ ብያለሁ አይደል?» አለና ፊታቸው ቆመ፤ ዞሮም ጀርባውን አሳያቸው።

ጋሽ ደርበው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ቀጥ ብለሃል። ምንም እንከን የለህም» አሉ። ልጁ በደስታ ጎንበስ ብሎ እጁን ከሥራቸው አስገባ። የሽማግሌው እጅ ግን ከአልጋው ብረት አልላቀቅም አለ። ጣቶቻቸው ነጡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እኔ እኮ እምቢ አላልኩም ልጄ፤ እጄ ነው እምቢ ያለኝ» አሉት።

ምንተስኖት ቀስ ብሎ እጁን አወጣ። በሌሎቹ ቀናትም ሞከረ፤ ጎረቤት አግዞት እንዲያወጣቸው ለመነ፤ አልሆነም። ከአልጋው ከፍ ሊሉ ሲሉ ሰውነታቸው በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ለጡንቻ መድኃኒት የነገረችው ባለሙያም ለዚህ የምትለው አልነበራትም። ክረምቱ ገባ፣ ፀሐይ ጠፋች፣ ሽማግሌው ሳል ያዛቸው። ሰማዩ ሳይጠራ ጋሽ ደርበው በዚያች ጨለማ ክፍል አረፉ።

የእድሩ ሰዎች መጡ። ሳጥኑ በዚያ ጠባብ ደረጃ ወደ መንገዱ መውጣት ነበረበት። ምንተስኖት የኋላውን፣ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፍበትን ማዕዘን በግራ ትከሻው ተሸከመ። ሳጥኑ ከታች እስከ ላይ አንዴ እንኳ ሳያዘነብል ወጣ። መንገዱ ላይ ሲደርሱ ደመናው ሳሳ ብሎ ፀሐይ ብቅ አለች። አንድ ሽማግሌ ዘወር ብለው አዩትና፣ «እንዴት ቀጥ አድርጎ ያዛቸው። ጎሽ፣ የአባቱ ልጅ» አሉ።

ምንተስኖት የሰማው ይህን ነው። በዕድሜው ከሰማው ሙገሳ ሁሉ እውነተኛው ይኸኛው ነበር፤ ከሁሉም አብልጦ የጎዳውም ይኸኛው ነው። አባቱ ዛሬ የወጡት አምነውት አይደለም። የሚጨብጡበት እጅ ስላልነበራቸው ነው።

ወዳጄ፣ ይህ ታሪክ ብረት ለሚያነሱ ብቻ አይደለም። ሰው የሚያሳምረው የሚታይለትን ነው፤ የሚወደውን ሰው የሚሸከመው ግን በማይታየው ነው። ያበረታነው ይበልጥ ይበረታል፣ የተውነው ይበልጥ ይደክማል፣ ሸክም እስኪመጣ ድረስም ሁለቱ እኩል ይመስሉናል። የተጣመመን ማቃናት ይቻላል። የሚቃናው ከደካማው ወገን ሲጀመር፣ ብርቱውም እየቻለ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። ነገር ግን እኛ እስክንቃና ድረስ ከእጃችን የወደቀ ሰው ካለ፣ እሱ ደግሞ የራሱ ስብራት አለው። የእኛ መዳን እሱን አያድነውም።

ዛሬ ማን ነው «ዘመሃል» ያለህ? ተቆጥተህ ዝም አሰኝተኸው ከሆነ፣ አሁኑኑ ሂድና ድገምልኝ በለው። ነገ አንተ ቀጥ ብለህ ስትመለስ እሱ የአልጋውን ብረት ይዞ ልታገኘው ትችላለህ።