ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የወጣው ጥጃ

አንድ ሰው ነበረ። መጀመሪያ ቁጭ በል፤ በር በሩን እያየህ የምትሰማው ነገር አይደለም። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «አባ፣ ልጄ ድሮ እንደዚህ አልነበረም። ዘንድሮ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል፤ ስጠይቀው ያቀረቅራል። ምን በድዬው ነው?» አልከኝ። እኔ የንስሐ አባትህ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም፤ በልጅህ ሆድ ያለውን አላውቅም። የማውቀው የአንድ ገበሬ ነገር አለ፤ እሱን ልንገርህ።

ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም። እርሻው ትንሽ ነው። አንድ በሬ ብቻ ስለነበረው ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርሳል። እንዲህ የሚያርስ ሰው ደግሞ ተራ ይጠብቃል። ጎረቤቱ የራሱን ማሳ ይጨርሳል፤ የእሱ ተራ እስኪደርስ የዘር ጊዜ ያልፍበታል። ሁልጊዜ ዘግይቶ ይዘራል፤ ሁልጊዜ ጎተራው ሳይሞላ ይቀራል። ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር።

ታዲያ ላሙ ወንድ ጥጃ ወለደች። ቀይ፣ ደረቱ ሰፊ፣ አያያዙ ካማረ ጥሩ ሰንጋ የሚወጣው ጥጃ ነው። ባልና ሚስት ተማከሩ። ጥጃውን አደልበው ለፋሲካ ገበያ ሊያወጡት፣ በእሱ ዋጋ ሁለተኛ በሬ ሊገዙ ተስማሙ። ጡት ከጣለ በኋላ ከጓሮ ካስማ ተተከለለትና ታሰረ። መስክ አይወጣም፣ አይሮጥም፤ ሥራው መብላት ብቻ ነው። ሚስቲቱ የጠላ አተላ ትሰጠዋለች፤ የባቄላ ገለባ በጨው ውኃ እየነከረች ታቀርብለታለች፤ ከማሳ ዳር ለምለም ሣር አጭዳ በእጇ ታጎርሰዋለች። በዚያ አገር የሚደልብ ከብት እንደ እንግዳ ጉርሻ ያገኛል።

ሰውዬውም በየጠዋቱ እየመጣ ያየዋል። ማየት አንዳንዴ ክፉ ነው፣ ልጄ። በየቀኑ የሚያዩት ነገር ያደገ አይመስልም፤ ትናንትም ያው፣ ዛሬም ያው። ጎኑን ይዳብሳል፤ ፈቀቅ ብሎ ያያል፤ ተመልሶ ይዳብሳል። እንቅልፍ አጣ። «ይሄ ጥጃ እየደለበ ነው ወይስ አይደለም?» ይላታል ሚስቱን። «ይበላል» ትለዋለች። እውነቷን ነበር፤ እሱን ግን አላሳረፈውም።

አንድ ቅዳሜ ጥጃውን ፈትቶ ገበያ ወሰደው። ሊሸጠው አይደለም፤ ሊያስገምተው ነው። ነጋዴዎች ከበቡት። አንዱ ሻኛውን ጨበጠ፤ አንዱ ታፋውን መታ መታ አደረገ፤ ሌላው ጅራቱ ሥር እጁን ሰደደና «ይሄማ ተስፋ አለው» አለ። የሰውዬው ልብ ቅቤ ጠጣ። ያን ማታ ለሚስቱ ሦስቴ ደጋግሞ አወራላትና ለጥ ብሎ ተኛ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ወሰደው። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፤ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። ምስጋና እንደ ጨው ነው፤ ያስጠማል። ያን ዕለት ነጋዴው «ካለፈው ምን ጨመረ?» ብሎት አለፈ። በሌላው ቅዳሜ «ቀነሰ እንዴ?» አሉት። ከአጠገቡ የሌላ ሰው ወይፈን ቆሟል፤ ጀርባው ለጥ ያለ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሰላም የለውም። ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ተጣላ። «አተላውን ለማን ነው የምትሰጪው?» አላት። እሷ የጥጃውን ገለባ ልትነክር ወጣች።

አንዱ ፉርሽካ አብላው ሲለው ፉርሽካ ያመጣል፤ ሌላው ፉርሽካ ምን ያደርግለታል ሲለው ያን ትቶ ሌላ ይፈልጋል። የጥጃው ሆድ ተበጠበጠ። ደግሞ ቦታው አልተስማማውም ብሎ ካስማውን ነቅሎ ሌላ ጥግ ተከለው። ጥጃው አዲሱን ቦታ ሲለምድ እንደገና ነቀለው። ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ መንገድ። ገበያው ሩቅ ነው፤ ወንዝ ይሻገራሉ፤ ከወንዙ ማዶ ድንጋያማ ዳገት አለ። ጥጃው ከፊት ያለከልካል፤ ሰውዬው በትር ይዞ ከኋላ ይቸኩላል።

ቆይቶ ጥጃው ነቃ። እንስሳ ነው ብለህ አትናቀው፤ ይገባዋል። ሰውዬው ብቅ ሲል ማመንዠኩን ያቆማል፤ ወደ ኋላ እያለ ማሰሪያውን ይወጥራል። ከሚስቲቱ እጅ ይበላል፤ ባልየው ሲመጣ ይተዋል። ሰውዬው ይህን ሲያይ አዘነም፣ ተናደደም። «አብልቼ ባሳደግሁት ከብት ተጠላሁ» እያለ ለጎረቤት ያወራ ነበር። ያበላችውስ እሷ ነበረች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዱ የመንገዱን ገመድ ሊያነሣ ቢሄድ ገመዱ የለም። ዞር ሲል ሚስቱ የክት ቀሚሷን ለብሳ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ገመዱን ወገቧ ላይ አሥራዋለች። ጫፉን ዘረጋችለት።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

«ያዝ እንጂ» አለችው። «ካገባኸኝ ጀምሮ አንድ ቀን አስገምተኸኝ አታውቅም። ዛሬ እኔን ውሰደኝና ይዳብሱኝ። ደህና ናት ካሉህ ደስ ብሎህ ታድራለህ፤ ከስታለች ካሉህ ደግሞ የምትጣላው ሰው ትፈልጋለህ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ መንገዱን ጀመረችው። ገመዱን ቢይዘው ሚስቱን እንደ ከብት ሊነዳ ነው፤ ቢተወው ከኋላዋ መሬት ለመሬት ሊጎተት ነው። ጎረቤት እያየው አፈረ። ጫፉን ሰብስቦ እየለመናት ተከተለ። «በእናትሽ ተመለሺ» ቢላት ወይ ፍንክች። ወንዙን ተሻገሩ፤ ዳገቱን ያዙት። መካከሉ ላይ ሲደርሱ ላብ አጠመቃትና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ሳምንቱን ሙሉ በእጄ ያጎረስኩት እዚህ ነው የሚቀረው» አለችው። «አተላውን ለማን ነው የምትሰጪው ብለኸኝ ነበር። ለዚህ ዳገት ነበር የምሰጠው።»

ሰውዬው ዳገቱን ወደ ላይ አየ፤ ወደ ታችም አየ። ያን ሁሉ ቅዳሜ ሲወጣው ሐሳቡ ገማቾቹ ዘንድ ስለነበረ መንገዱን አንድ ቀን ልብ ብሎት አያውቅም። ገመዱን ከወገቧ ፈታ፤ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ያዘው። ተያይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

አሁን አንተ ጥጃው በማግሥቱ ደለበ እንድልህ ትጠብቃለህ። አልደለበም። ፋሲካ ደረሰ፤ ጥጃው ለገበያ አልበቃም፤ በሬው አልተገዛም። ያን ዓመትም ሰውዬው ተራ ጠብቆ አረሰ፤ ዘግይቶ ዘራ። ሚስቱም እሱም ልጆቻቸውም በዚያው በጎደለው ጎተራ ከረሙ። ጥፋት እኮ ስለተጸጸቱ ብቻ አይመለስም።

ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እግሩ ይበላው ነበር። ገበያተኛ በደጁ ሲያልፍ ይነሣል፣ ይቀመጣል፤ ያልፈረሰ አጥር ይጠግናል፤ ያልላላ ካስማ ያጠብቃል። ሚስቱ ይህን አይታ ማጭድ ሰጠችው። ሣር እያጨደ ያመጣ ጀመር። እሱ ቆሞ ሳለ ጥጃው አይበላምና ሣሩን ከፊቱ ጣል አድርጎ ዞር ይላል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ በገዛ ጓሮው ለገዛ ከብቱ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚያበላው። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ጠዋት ሣሩን ጥሎ ዞር ሊል ሲል፣ ጥጃው አንገቱን ሰገገና እጁ ላይ የቀረችውን ጭብጥ ሣር ወሰደ። ሰውዬው አልዳበሰውም። እጁን እንደዘረጋ ቆሞ አለቀሰ።

በሬውስ? በዓመቱ ተገዛ። የምነግርህ ግን የበሬውን ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሽባባው፣ ወዳንተ እንምጣ። በቀደም ጠበል ጠዲቅ ጠርተኸን ልጁን ከጓዳ አስጠርተህ በእንግዳ ፊት አላቆምኸውም? «እስቲ በእንግሊዝኛ አናግራቸው» አላልኸውም? ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል እኔ አይቻለሁ። ሲሳሳት አጎቱ ሳቀ፤ አንተ ደግሞ «የጎረቤታችን ልጅ አንደኛ ወጣ አሉ» ብለህ ጨመርህበት። ትምህርት ቤቱን አምና ቀየርህበት፤ ጓደኛ ሳያበጅ ዘንድሮ ደግሞ ቀየርህበት። እናቱንም «ምን እያስጠናሽው ነው ይሄን ልጅ እዚህ ያደረስሽው» ትላታለህ አሉ። ቤትህ ውስጥ ያለውን ዳገት እኔ ላሳይህ አልችልም፤ ልጁ ግን በየቀኑ ይወጣዋል።

አየህ፣ አፍህን ከፈትህ። ተናገር እንጂ።

«አባ፣ የእኔ ልጅ እኮ ከብት አይደለም።»

ይህን ዐውቀኸው ቢሆን ኖሮ እኔ ዘንድ ባልመጣህ። ገበሬው እንኳ መጨረሻው ሊሸጠው ነበር፤ ቢያስገምተው አይፈረድበትም። አንተ ልጅህን ለማን ልትሸጠው ነው?

አትቆጣ። እንደምትወደው ዐውቃለሁ። ገበሬውም ጥጃውን ይወደው ነበር፤ ባይወደው እንቅልፍ ባላጣ። ፍቅር አልጎደላችሁም። የጎደላችሁ እጃችሁ ላይ ያለውን ማመን ነው። ደህና ነው ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ ደህና አይመስላችሁም፤ ለዚህ ስትሉ ከሰው ፊት ታውሉታላችሁ፤ እሱ ደግሞ እዚያ ሲያልቅ ይውላል።

ዛሬ ስትገባ ስንተኛ ወጣህ አትበለው። ራት በላህ ወይ በለው። አጠገቡ ተቀምጠህ የራስህን ብላ። ተነሥቶ ቢሄድም አትከተለው። ነገም እንዲሁ አድርግ፤ ከነገ ወዲያም። አንድ ቀን እሱ ራሱ የሆነ ነገር ይነግርሃል፤ ቁም ነገር አይሆንም፤ ስለ ኳስ ወይ ስለ ጓደኛው ጫማ ይሆናል። እሱን ስማው፤ ምክር አትጨምርበት።

ደግሞ በሳምንቱ «አባ፣ እስቲ እዩልኝ፣ ተሻለው?» ብለህ እጁን እየጎተትህ እኔ ዘንድ እንዳታመጣው።