በትርንጎው ግንድ ላይ የታሰረው ጠፍር

ልጆች፣ ለዓመታት ይዤው የኖርኩት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በሽተኛውን ጠጋ ብሎ ያላየ ሰው ለምን ይሆን መድኃኒት ለማዘዝ የሚቸኩለው? መልሱን አላገኘሁትም። ተረቱን ግን አግኝቻለሁ፤ ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ትርንጎ የሚወድ ንጉሥ፣ ትርንጎውን የምትንከባከብ ዘርፌ የምትባል አትክልተኛ፣ ከበቅሎው የማይወርድ ይርዳው የሚባል አዋቂ ነበሩ።

አንድ ቀን ከትርንጎው ሦስት ቅጠል ቢጫ ሆነ። ያረጀ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ ግን ይህን ማን ደፍሮ ይናገራል? ንጉሡ፣ «ዛፌ ከደረቀ ዘርፌ ጎጆዋን ለቃ ትሂድ!» አለ። ከዚያች ጎጆ ሌላ መጠጊያ አልነበራትም።

ይርዳው ተጠራ። ከበቅሎው ሳይወርድ ቅጠሉን አየና፣ «ዓይን በልቶታል» አለ። ክታብ በእርጥብ ጠፍር ግንዱ ላይ አሳሰረ። ጠፍር ቆዳ ነው ልጆች፤ ሲደርቅ ይጠብቃል።

ቅጠሉ ረገፈ። ይርዳው መጣ፤ ከበቅሎው አልወረደም። «ዓይኑ ብርቱ ነው፤ ሌላ ይጨመር!» ተጨመረ።

ቅርንጫፉ ደረቀ። ይርዳው መጣ፤ ከበቅሎው አልወረደም። «እኔ ባልደርስለት ኖሮ ይሄኔ ሞቶ ነበር» አለና ሦስተኛውን አሳሰረ። ወይ ጥበብ!

ዘርፌ ተንበርክካ ግንዱን ዳበሰች። «ጌታዬ፣ ከጠፍሩ በላይ አብጧል፣ ከጠፍሩ በታች ቀጥኗል። ታንቆ ነው እኮ!»

«አንቺ ቆፋሪ አይደለሽም? ቆፍሪ!» አላት ይርዳው።

ንጉሡ ሊያባርራት ሲመጣ እግሩ ሥር ወደቀች። «ጃንሆይ፣ ከመሄዴ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ጠፍሩ የማይጎዳ ከሆነ፣ ለአዋቂውም ክንዳቸው ላይ ይታሰርላቸው።»

«ምን ከፋው? ይታሰርለት!» አለ ንጉሡ።

እርጥቡ ጠፍር ታሰረ። ፀሐይ ከረረች፣ ጠፍሩም ደረቀ። ቀትር ላይ የይርዳው ጣቶች አብጠው እንደ በርበሬ ቀሉ። «ፍቱልኝ! ኧረ ፍቱልኝ!» እያለ ከበቅሎው ዘሎ ወረደ።

«ዓይን በልቶዎት ይሆናል» አለች ዘርፌ፤ «ሌላ ይጨመርልዎ?»

ንጉሡ ሳቀ፤ ከዚያ ዛፉን አየና ሳቁን ዋጠ። ሦስቱም ጠፍር በቢላ ተቆረጠ። ዘርፌ የደረቀውን ቅርንጫፍ ቆረጠች፣ አፈሩን አላላች፣ ታገሠች። ክረምቱ ሲወጣ ትርንጎው አቆጠቆጠ። በቅሎዋ ፍግ እንድትጭን ለዘርፌ ተሰጠች፤ ይርዳውም ፍጉን እየዛቀ በእግሩ ይከተላት ጀመር።

ከበቅሎ ላይ ሆነው የሚያዩት ቅጠሉን ብቻ ነው፤ ሕመሙን ለማየት መውረድ ያስፈልጋል።

እኔም ቆርጫለሁ፤ አዋቂ ሲናገር አንገቴን መድፋቴ ካልቀረ፣ ደፍቼ ግንዱን አያለሁ። ያየሁትንም እናገራለሁ።