የቦምብ ጣዩ ግራ ጎማ

ተረት ልንገራችሁ?
ንገረን!
ጆሯችሁን ትሰጡኛላችሁ?
ሰጥተንሃል!
እንግዲያው ስሙ።

ድሮ፣ ጦርነት አልቆ መድፍ ዝም ባለበት ዘመን፣ ቆቅ ሜዳ በሚባል ገላጣ ስፍራ አንድ ያረጀ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ቆሞ ይኖር ነበር። ሰዎቹ «ነጎድጓድ» ይሉታል። በጉብዝናው ጊዜ ሆዱን በቦምብ ሞልቶ፣ ተራራ ተሻግሮ፣ አራግፎ ይመለስ ነበር። አሁን ግን ጡረተኛ ነው። ሣር መሐል ቆሞ ፀሐይ ይመታዋል፣ ዝናብ ይመታዋል።

ያን ሁሉ ብረት ተሸክመው የቆሙት ሦስት ጎማዎች ናቸው። ከፊት ግራ ጎማና ቀኝ ጎማ፣ ከኋላ ደግሞ ትንሿ የጅራት ጎማ። አውሮፕላኑ ሲበር ሁለቱን ትልልቆች አጣጥፎ ከክንፉ ሥር ጨለማ ውስጥ ይከታቸዋል። ሰማዩን አያዩም፣ ደመናውን አያዩም። ሊያርፍ ሲል ግን «ኑ፣ ውጡ!» ይባላሉ። መሬት ሲነኩ ይጮኻሉ፣ ይጨሳሉ፣ ያን ሁሉ ክብደት በደረታቸው ይቀበላሉ። ከዚያ ሰው ሁሉ ሮጦ አብራሪውን ያቅፋል፣ ክንፉን ይደባብሳል። ጎማዎቹን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። እነሱም አይከፋቸውም ነበር። ሥራቸው ነዋ!

አንድ ቀን የሜዳው አለቃ ሻለቃ ደምመላሽ መጣና አውሮፕላኑ ፊት ቆሞ እንዲህ አለ፦

«ነጎድጓድ እንደገና ይበራል! የድሉን በዓል በእሱ እናከብራለን። በጦርነቱ ጊዜ ያበረረው ካፒቴን ልሳኑ ያበርረዋል። የቀድሞ ወታደሮችና የሟቾች ሚስቶች ይሳፈሩበታል። እንግዳ ጠርቻለሁ፣ እንዳታሳፍሩኝ!»

ሜዳው በአንዴ ሞቅ አለ። ሞተሩ ተፈትቶ ታጠበ። ክንፉ ተቀባ። አፍንጫው ላይ የነብር ጥርስ ተሣለ። ግራ ጎማ ይህን እያየ ተራውን ይጠብቃል። ለብዙ ዓመታት ሳይንቀሳቀስ በመቆሙ ፀሐይ ጎኑን ሰነጣጥቆታል። ስንጥቁ ጣት ያስገባል።

ወደ ላይ ቀና ብሎ ክንፉን ጠራው።
«ክንፍ ሆይ፣ አንተን ይሰሙሃል። ጎማው ተሰንጥቋል በልልኝ።»
«እኔ የማወራው ከነፋስ ጋር ነው» አለ ክንፉ።

ሆዱን ጠራው።
«ሆድ ሆይ፣ አንተ ስትሞላ ተሸክሜሃለሁ። ጎማው ተሰንጥቋል በልልኝ።»
«እኔ እንግዳ ልቀበል ነው፤ ስለ ጭቃ አታውራኝ» አለ ሆዱ።

አፍንጫው ላይ የሚዞረውን ፕሮፔለር ጠራው። ፕሮፔለሩም ሳቀ።
«እኔ ስዞር ዓለም ያየኛል። አንተም ትዞራለህ፤ ግን ማን ያይሃል?»

ግራ ጎማ ደሙ ፈላ። «እሺ፣ ራሴ እናገራለሁ!» አለ። በማግስቱ ሻለቃው ሲያልፍ ጠራው።

«ጌታዬ ሻለቃ! ተሰንጥቄያለሁ። ቀኝ ጎማም ተሰንጥቋል። በዚህ ጎን ክብደት ተሸክመን መንደርደር አንችልም። እባክዎ ይቀይሩን።»

ሻለቃው ጎንበስ ብሎ አየ። አዎ፣ አየ! በዓይኑ አየ፣ በጣቱም ነካ። ከዚያ ቀና ብሎ፣
«የአንተን ልክ ጎማ የሚሠራ የለም። ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ክረምቱ ይወጣል» አለ።
«በዓሉ ክረምቱ እስኪወጣ ይጠብቅ።»
«እንግዳ ጠርቻለሁ እኮ! እንግዳ ደግሞ ጎማ ሊያይ አይመጣም። ዝም በል።»

ቀለም ቀቢውንም ጠራና «ይህን ጥቁር ቀለም ቀባው። ወፈር አድርገህ ቀባው፣ ስንጥቁ ውስጥ ይግባ» አለው።

ተቀባ። ግራ ጎማ እንደ አዲስ አብለጨለጨ። ቀኝ ጎማም፣ ትንሿ የጅራት ጎማም አብለጨለጩ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ «እንዴት ያምራሉ!» ይላል። ከመናቅ ይልቅ ይህ ይበልጥ አንገበገባቸው። ቁስልህን እያየ «አማረብህ» የሚልህን ሰው ምን ትለዋለህ?

ከአውሮፕላኑ ጥላ ሥር አንዲት ኤሊ ትኖር ነበር። ቤቷን ተሸክማ የምትኖር ናትና የተሸካሚ ነገር ይገባታል።

«እኔ ሄጄ ለካፒቴኑ እነግረዋለሁ» አለች።
«ከሜዳው ማዶ ነው እኮ የሚኖረው!» አለ ግራ ጎማ።
«ታዲያ ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ልይ?»

ተነሣች። ግን ኤሊ ናት። ሣሩን ስትገፋ፣ ድንጋዩን ስትዞር፣ ቦዩ ውስጥ ስትወድቅና ስትወጣ የበዓሉ ቀን ደረሰ። ካፒቴኑ በመኪና በአጠገቧ አለፈ። አቧራው ሸፈናት። «ካፒቴን! ካፒቴን!» አለች፤ መኪናው ግን ሄዷል። እዚያው ቆማ በንዴት አለቀሰች።

እንግዶቹ መጡ። ሙዚቀኞቹ ከበሮውን ይደልቃሉ፣ ጥሩንባውን ይነፋሉ። ካፒቴን ልሳኑ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ፣ የድሮ ቆዳ ጃኬቱን ለብሶ መጣ። ከመሳፈሩ በፊት ጎማዎቹን ሊያይ ጎንበስ ሲል ሻለቃው ክንዱን ያዘው።

«ካፒቴን፣ ሁሉም ተፈትሿል። ጎማው እንደ መስታወት ነው። ይልቅ እንግዶቹን ሰላም በላቸው።»
«ካፒቴን! ቀለም ነው! ቀለም ነው የሚያዩት!» ብሎ ግራ ጎማ ጮኸ።

ከበሮው ድም አለ። ጥሩንባው ተነፋ። ካፒቴኑ አልሰማም።

ሽማግሌዎቹ እየተደጋገፉ ተሳፈሩ። ከእነሱ ጋር ወይዘሮ ማንያህልሻል የምትባል ባሏ በጦርነቱ የሞተባት አሮጊት ነበረች። «ባሌ ያየውን ሰማይ አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው» እያለች ወጣች።

ቀኝ ጎማ ቱግ አለ።
«በቃ! ለምነን አልሰሙንም፣ ነግረን አልሰሙንም፣ ጮኸን አልሰሙንም። ዝም እንበል። ሲያርፉ እንፈንዳ። ያኔ ይገባቸዋል!»
«ያኔ ለማን ይገባዋል?» አለ ግራ ጎማ። «ሻለቃው አይሳፈርም እኮ! ድንኳን ሥር ተቀምጦ ያጨበጭባል። የሚሳፈሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እነሱ ቀለም አልቀቡንም።»
«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»
«አሁኑኑ እፈነዳለሁ። ፍጥነት ሳንይዝ።»
«ጥፋቱን በአንተ ያላክካሉ።»
«ያላክኩ!»

ትንሿ የጅራት ጎማ ከኋላ ማልቀስ ጀመረች።

ሞተሩ አጓራ። ፕሮፔለሩ ዞረ። ነጎድጓድ ቀስ ብሎ መንደርደሪያው ላይ ወጣ። ግራ ጎማ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ የቀረውን ጉልበት ሁሉ ወደ ስንጥቁ ገፋ። ጎኑ ተቀደደ። ሕመሙ እስከ ቸርኬው ድረስ ተሰማው።

ዷ!

ሙዚቃው ቀጥ አለ። አውሮፕላኑ ወደ ግራ ዘመመ። ከነፋስ ጋር ብቻ የሚያወራው ክንፍ ጫፉ አፈር ላይ ተጎተተ። ዓለም የሚያየው ፕሮፔለር መሬት ነክሶ ተቆለመመ። ከዚያ አውሮፕላኑ ቆመ። ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ጉልበቱ የተላጠ ነበር፣ መነጽሩ የወደቀበት ነበር፤ የሞተ ግን አልነበረም።

ሻለቃው እየሮጠ መጣና የተቀደደውን ጎማ በጫማው መታው።
«ከሃዲ! በእንግዳ ፊት አዋረድከኝ! ይህን ወስዳችሁ ገደል ጣሉልኝ!»
«ማንም እንዳይነካው!» አለ ካፒቴን ልሳኑ።

ተንበርክኮ ጎማውን ዳሰሰ። እጁ ጠቆረ። በጥፍሩ ቀለሙን ፋቀ። ስንጥቁ ወጣ። ወደ ቀኝ ጎማ ሄዶ ፋቀ። እዚያም ስንጥቅ። ጣቱን ከተተበት፤ ገባለት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህን ማን ነው የቀባው?»
ቀለም ቀቢው ሻለቃውን አየ።
«ማን ነው ያስቀባው አልኩ!»
«ነግሬያለሁ» አለ ግራ ጎማ፤ ድምፁ አየር አልነበረውም። «ሻለቃው በጣታቸው ነክተው አይተዋል።»
«በዓሉ እንዳይበላሽ ብዬ ነው... እንግዳ ጠርቼ...» አለ ሻለቃው።

ወይዘሮ ማንያህልሻል ነጠላዋን አጠንክራ ታጥቃ ፊቱ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ! ባሌን ጦርነት በላብኝ። ጠላት ነው አልኩ፣ ቻልኩት። እኔን ደግሞ በሰላም አገር፣ በቆርቆሮ ቀለም ልትገድለኝ ነበር? እነዚህን ሁሉ እርጉዞች እንደ በግ ነድተህ... ምን እያልኩ ነው፣ አረጋውያን እንጂ! ንዴት አፌን አሳተኝ!»

የሳቀ ግን የለም። ሽማግሌዎቹ ሻለቃውን ከበቡት። አልመቱትም፣ አልሰደቡትም። «ተንበርከክና ፋቅ» አሉት። ያ የጠራው እንግዳ ሁሉ ቆሞ እያየው፣ ነጭ ጓንቱን አውልቆ፣ ያስቀባውን ቀለም በጥፍሩ ፋቀ። ትንሿን የጅራት ጎማ ሳያስቀር ፋቀ። በዚያው ሳምንት ሹመቱ ተነሣ።

ሰዎቹ ግራ ጎማ ታጥቦ፣ ሪባን ታስሮለት፣ አዳራሽ እንዲቀመጥ ፈለጉ። እሱ ግን ተቆጣ።
«ሪባን አልጠየቅኩም! በሕይወት ሳለሁ ስሙኝ ብዬ ነበር የጠየቅኩት።»
ካፒቴኑ አንገቱን ደፋ።

ክረምቱ ወጣ። አዳዲስ ጎማዎች ከባሕር ማዶ መጡ። ክንፉ ተቃና፣ ፕሮፔለሩ ተቀየረ፣ ነጎድጓድም በረረ። ወይዘሮ ማንያህልሻል ሰማዩን አየችው። ካፒቴኑም ከዚያ በኋላ መሰላሉን ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ ጎማ ዘንድ ጎንበስ እያለ «እንዴት ዋልክ? የሚያምህ ነገር አለ?» ይል ነበር፤ መልሱን ሳይሰማም አይነሣም።

ተረቴ እዚህ አበቃ፤ ውኃ አቀብሉኝ። እናንተም ከላይ ስትቀመጡ ይህን አትርሱ፦ ከሥር የተሸከመህ ሲናገር ካልሰማኸው፣ ሲፈነዳ ትሰማዋለህ።